በባሌ ተራሮች ዛፍ የሚቆምበትን ከፍታ የሚወስነው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ከሮቤ

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት የማስተምር ስሆን፣ የአየር ንብረትና የአካባቢ ሁኔታ በዕፅዋት ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ለተማሪዎቼ ለማስረዳት የባሌ ተራሮችን በምሳሌነት መርጫለሁ። ከዲንሾ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣውና ከዚያም በሪራ አድርጎ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከውርጭ እስከ ቆላ ያለውን የዕፅዋት ሽፋን ያሳያልና ከዚህ የተሻለ የመስክ ትምህርት ቦታ አላውቅም።

ይሁን እንጂ መንገዱ የሚያሳየውን ነገር መማሪያ መጽሐፉ በአጥጋቢ ሁኔታ አያብራራውም። መጽሐፉ ሙቀት፣ ዝናብ፣ ብርሃንና አፈር ብሎ ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ ውስጥ በየቦታው ወሳኝ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። በሰሜኑ በኩል በዲንሾና በጋይሳይ አካባቢ ጥድና ኮሶ፣ ከፍ ሲልም አሜጃና አስታ ይታያሉ፤ ሳነቴ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ከመሬት የተጣበቁ ቁጥቋጦዎች፣ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። በደቡብ በኩል ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ በሰሜኑ በኩል ከታየው ጋር እኩል በሆነ ከፍታ ላይ በጉም የተሸፈነ፣ ግንዱ ሁሉ በሞስና በሊከን የተሸፈነ የሐረና ደን ይገኛል። ዛፉ የሚቆመው በምን ምክንያት ነው? ሁለቱ ተዳፋቶች ለምን ተለያዩ? ዛፍ ያልቻለውን ቦታ ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ እንዴት ቻለው? ዕውቀቱ ያላችሁ እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ቅጠል በጣሽ

መምህር፣ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልሞክር። ዛፍ በከፍታ ላይ የሚቆምበት መሠረታዊ ምክንያት ቅዝቃዜ ነው፤ ነገር ግን በተለምዶ እንደሚባለው ውርጩ ዛፉን ስለሚገድለው አይደለም። በዓለም ላይ ከዚህ እጅግ የከፋ ብርድ ችለው የሚኖሩ ዛፎች አሉ፤ በሳይቤሪያ የሚበቅለው ላርች ከዜሮ በታች 50 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚወርድ ክረምት ያሳልፋል። ወሳኙ ነገር ዛፉ በሚያድግበት ወቅት ያለው አማካይ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ ቅጠሉ በብርሃን አስተጻምሮ ስኳር መሥራቱን አያቋርጥም፤ የሚቆመው ያንን ስኳር ወደ አዲስ ሴል፣ ወደ እንጨትና ወደ ሥር ጫፍ የሚለውጠው ሥራ ነው። ስለዚህ በወሰኑ ላይ ያለው ዛፍ ምግብ ያጠረው ሳይሆን ያለውን ምግብ አካል ሊያደርገው ያልቻለ ዛፍ ነው። ይህን ለተማሪዎችዎ በተለይ እንዲያስረዱልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በብዙዎች አእምሮ ውስጥ ዕድገት ማለት ብርሃን አስተጻምሮ ብቻ ሆኖ ተቀርጿል።

ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ክርስቲያን ኮርነር ከምድር ወገብ አካባቢ አንሥቶ እስከ ሰሜኑ ቀዝቃዛ አገሮች ድረስ ባሉ ተራሮች ላይ የተለካውን የአፈር ሙቀት ሲያነጻጽር፣ የተፈጥሮው የዛፍ ወሰን በየትም ቦታ በዕድገት ወቅት አማካይ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ በሚደርስበት ከፍታ አካባቢ ሆኖ አግኝቶታል። በአልፕስ ተራሮች ይህ ከፍታ 2000 ሜትርን ብዙም ሳያልፍ ይገኛል፤ በእኛ አገር ግን ከፍ ያለ ነው። ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ብንወስድና ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ከዲንሾ፣ ማለትም ከ11 ወይም ከ12 ዲግሪ አማካይ ሙቀት ብንነሣ፣ የዛፍ ወሰኑን 4000 ሜትር ገደማ ላይ እናገኘዋለን። የሳነቴ አምባ በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ ከፍታ ላይ ነው።

ዝቅተኛ ዕፅዋት በዚያው ቦታ መኖር መቻላቸው ከዚህ ጋር አይጋጭም። ዛፍ ቁመቱ ወደ ነፋሱ ስለሚያወጣው የአካሉ ሙቀት ከአየሩ ሙቀት እምብዛም አይለይም፤ ከመሬት የተጣበቀ ቁጥቋጦ ግን ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት በቅጠሎቹ መካከል ከአየሩ በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ይይዛል። በሜትሮሎጂ መዝገብ ላይ ሁለቱ በአንድ አየር ንብረት ውስጥ ይኖራሉ፤ በተግባር ግን የሚኖሩበት ሙቀት የተለያየ ነው።

መልስ፦ የጎባው ልጅ

የቅጠል በጣሽ ማብራሪያ ትምህርቱን በሚገባ አስቀምጦታል፤ ሆኖም በባሌ ዓይን የሚያየው መስመር የሙቀት መስመር ነው ብሎ ማስተማር ወደ ስሕተት ይመራል ብዬ አምናለሁ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ስለሆነ የአስታው ደን የት እንደሚቆም በሚገባ አውቃለሁ። በብዙ ቦታ ረጅሙ አስታ ስሌቱ ከሚሰጠው 4000 ሜትር በጣም ዝቅ ብሎ ይቆምና ከዚያ በላይ እስከ ወገብ የማይደርስ የአስታ ቁጥቋጦ ይከተላል። ቁጥቋጦው ሌላ ዝርያ አይደለም፤ ያው አስታ ነው፤ ልዩነቱ እሳት ነው።

በበጋ ወራት፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ጊዜ፣ እረኞች አስታውን ያቃጥላሉ። ምክንያቱ ያረጀው አስታ ለከብት የማይበላ መሆኑ፣ ከቃጠሎ በኋላ የሚወጣው ለጋ ቅጠልና ሣር ለግጦሽ መመቸቱ፣ እንዲሁም ጥቅጥቅ ያለው አስታ አውሬ የሚሸሸግበት መሆኑ ነው። አስታ ደግሞ ቅጠሉ ዘይት ስላለው በቀላሉ ይነድዳል፤ ነገር ግን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ጠንካራ የግንድ እብጠት ከእሳቱ ስለሚተርፍ ከዚያ ብዙ ቀንበጦች ያወጣል። ቀንበጦቹ ዛፍ ከመሆናቸው በፊት ከብቶች ይግጧቸዋል፤ ያመለጡትም ጥቂት ዓመታት ቆይተው እንደገና ይቃጠላሉ። በጎዳንቱ ሥርዓት ከብቶች በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ የሚዘዋወሩ በመሆናቸው ጫናው በመንደሮች ዙሪያ ብቻ የተወሰነ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ከመኪና መስኮት ሆኖ ያንን መስመር አይቶ «ዛፉ እዚህ ላይ በረደው» ቢል፣ ያየው የአየር ንብረትን ሳይሆን የእረኝነት ታሪክን ነው።

ጠያቂው፦ መምህር ከሮቤ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱ መልሶች ግን ሌላ ጥያቄ ቀሰቀሱብኝ። በሳነቴ ላይ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ እስከ 4200 ሜትር በሚደርስ ከፍታ፣ በትልልቅ የድንጋይ ክምር መካከል ብቻቸውን የቆሙ የአስታ ጥሻዎች አሉ። ስሌቱ ትክክል ከሆነ እዚያ ሊገኙ አይገባም ነበር። ታዲያ እነዚህ ጥሻዎች የሚመሰክሩት ለየትኛው ወገን ነው?

መልስ፦ ቅጠል በጣሽ

ይህ በጣም ጥሩ ምልከታ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ለሁለቱም ወገን ይመሰክራሉ፤ ለጎባው ልጅ ግን ትንሽ ያደላሉ። የድንጋይ ክምር እሳትን ያቆማል፤ በድንጋዮቹ መካከል የሚነድድ ሣር የለምና። ከብትም በቀላሉ አይገባበትም። ነገር ግን ድንጋዩ የሚያደርገው ይህን ብቻ አይደለም። ቀን የሳበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ነፋስን ይከላከላል፤ የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየርም ከባድ በመሆኑ ከተዳፋቱና ከድንጋዩ ላይ ወርዶ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል። በአምባው ሜዳማ ክፍል በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ እንደ መርፌ የቆሙ የበረዶ ዘንጎች ሆኖ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በዚህም ገና ሥር ያልሰደደ ችግኝ ተነቅሎ ይቀራል። አንድ ዛፍ ካደገ በኋላ የሚችለውን ብርድ ችግኙ ሊችለው አይችልም፤ ስለዚህም የዛፍ ወሰን በአብዛኛው የሚወሰነው በችግኙ ዕድሜ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ጥንታዊ ነው። በባሌ 3950 ሜትር ላይ የሚገኘው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ከበረዶው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ደለል ሲያጠራቅም ኖሯል። በደለሉ ውስጥ የተገኘው የአበባ ብናኝ እንደሚያሳየው፣ አየሩ ሞቆ ዝናቡ በጨመረበት ወቅት፣ ከ11 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት አስታው በሰፊው ተስፋፍቶ ነበር፤ ከ6 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ አየሩ እየደረቀ ሲመጣ ደግሞ ወደ ታች አፈግፍጓል። በዚያው ደለል ውስጥ ያለው የከሰል ብናኝ እሳት በዚህ አካባቢ ላለፉት 14 ሺህ ዓመታት ያህል አለመጥፋቱን ያመለክታል። እሳቱን ሰው ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ መብረቅም ያቃጥላል። ሰው ግን በአካባቢው አዲስ አይደለም፤ በፊንጫ ሐበራ የድንጋይ መጠለያ፣ 3469 ሜትር ላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ግዙፉን ፍልፈል እያደኑ ይበሉ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አረጋግጧል። በዚያን ጊዜ የተራሮቹ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር።

መልስ፦ አፈርና ውኃ

ስለ ሁለቱ ተዳፋቶች ልዩነት እስካሁን ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር።

በአውሮፓ ስለ ተራራ የተጻፉ መጻሕፍት የሰሜንና የደቡብ ተዳፋትን ልዩነት በፀሐይ ያብራራሉ፤ በዚያ ደቡቡ ፀሐይ የሚመታው፣ ሰሜኑ ጥላ የሆነው ነው። ባሌ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኝ ይህ ማብራሪያ አይሠራም። ከሚያዝያ መባቻ አካባቢ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትሯ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። በዓመት ሲደመር ሁለቱ ተዳፋቶች የሚያገኙት የፀሐይ ብርሃን ያን ያህል የሚራራቅ አይደለም። የሚያራርቃቸው ውኃ ነው።

የደቡቡ ተዳፋት ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣውን እርጥበት አዘል ነፋስ ፊት ለፊት ይቀበላል። ነፋሱ ተራራው ገፍቶት ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው እንፋሎትም ደመና፣ ጉምና ዝናብ ይሆናል። ስለዚህ በሐረና ዝናቡ ከበልግ ተነሥቶ እስከ ጥቅምት አካባቢ ይዘልቃል፤ ዝናብ በሌለበት ቀንም ጉሙ በቅጠልና በሊከን ላይ እየተንጠባጠበ አፈሩን ያርሳል። ይህ የጉም ውኃ በዝናብ መለኪያ ጣሳ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህም የዝናብ መጠን ብቻ የሚመለከት ሰው ደኑ የሚያገኘውን ውኃ አሳንሶ ይገምታል። አየሩ ተሻግሮ ወደ ዲንሾ ሲወርድ ግን እርጥበቱን አራግፏል፤ ሰማዩ በበጋ ጥርት ይላል፤ በጠራ ሰማይ ሥር ሌሊቱ ይበልጥ ይበርዳል፤ ቀኑም ይበልጥ ያደርቃል። ጥድ ይህን ይወዳል ባይባልም ይችለዋል። ሐረና ውስጥ ከታች ዝግባና ቀረሮ፣ በሥራቸውም የጫካ ቡና፤ ከፍ ሲል ቀርከሃ፣ ኮሶና አሜጃ የሚገኙት ደረቁ ወር ስላጠረላቸው ነው። ጉም የሌሊቱንም ብርድ ስለሚያለዝብ፣ ውኃና ሙቀት በዚህ ቦታ የተነጣጠሉ ምክንያቶች አይደሉም፤ መጽሐፉ እንደሚያደርገው በየፊናቸው መዘርዘራቸው ተማሪን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ስለ አፈር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሳነቴ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቢሆንም የጥንቱ በረዶ ብዙውን ጠርጎታልና በብዙ ቦታ ስስ ነው። ያንን አፈር ያለ ዕረፍት የሚገለብጠው በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮን የሚያጠኑ ሰዎች ፍልፈሉን የሚያነሡት የቀበሮው ዋና ምግብ ስለሆነ ነው፤ የዕፅዋት ሰው ግን እንደ ገበሬ ሊቈጥረው ይገባል። እርሱ ቆፍሮ ያወጣው ጉብታ ላይ የሚበቅለው ዕፅዋት በዙሪያው ካለው የተለየ ሆኖ ስለሚታይ፣ ሜዳው ከሩቅ ዝንጉርጉር ይመስላል።

መልስ፦ ከደባርቅ

ጅብራ በእኛም አገር በሰሜን ተራሮች ያለ ስለሆነና ዝርያው አንድ ስለሆነ እኔ ልመልስ። ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ቁመቱን አይተን ዛፍ ማለት የለብንም፤ አኗኗሩ ከዛፍ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለብዙ ዓመታት ከመሬት ብዙም ሳይርቅ እንደ ጽጌረዳ የተደረደሩ ረጃጅም ቅጠሎች ብቻ ሆኖ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ቅጠል በጣሽ እንዳሉት ከመሬቱ የሚወጣውን ሙቀት ይጠቀማል። ግንዱ ቀስ ብሎ ይረዝማል፤ ውስጡ ውኃ በሚይዝ ለስላሳ ቡጥ የተሞላ ነው። ዛፍ በመቶዎች የሚቈጠሩ ጥቃቅን እምቡጦቹን በየቅርንጫፉ ጫፍ ለብርድ ሲያጋልጥ፣ ጅብራ ያለው አንድ ትልቅ እምቡጥ ብቻ ነው፤ ማታ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ይሸፍኑታል። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣና፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በደባርቅ በኩል ሲመጡ በየሜዳው ቆመው የሚያዩአቸው ደረቅ ምሰሶዎች እነዚሁ ናቸው።

ስለ እሳቱ የጎባው ልጅ የጻፉትን እኔም አረጋግጣለሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ የጓሳውን ሣርና አስታውን በልቶ፣ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ቆይቷል።

ወደፊት የሚሆነውን በተመለከተ፣ ሙቀት በ1 ዲግሪ ቢጨምር የዛፍ ወሰኑ በስሌት ወደ 170 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። አስታው ወደ ላይ መሄጃ አለው፤ ጅብራ ግን ከባሌው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር፣ ከእኛው ራስ ዳሸንም 4550 ሜትር ገደማ በላይ የሚሄድበት መሬት የለውም። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በ2080 እ.ኤ.አ. ለጅብራ ተስማሚ ሆኖ የሚቀረው አሁን ካለው መኖሪያ 3.4 በመቶ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ተንብየዋል። ይህ የሞዴል ትንበያ እንጂ የተፈጸመ ነገር ባይሆንም፣ በየተራራው አናት ተነጣጥሎ ለሚኖር ዕፅዋት የሚያሳስብ ቍጥር ነው።

ጠያቂው፦ መምህር ከሮቤ

ከጠበቅሁት በላይ ተምሬአለሁ። የቀረኝ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ የሙቀቱን ልዩነት በራሳቸው እጅ እንዲለኩት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ያለን ተራ ቴርሞሜትር ብቻ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ የለንም። በአንድ ቀን ጉብኝት የሚገኝ የአየር ሙቀት ደግሞ በደመናና በሰዓት ስለሚለዋወጥ ምንም አይነግረንም።

መልስ፦ አፈርና ውኃ

እዚህ ላይ አገራችን ለምድር ወገብ መቅረቧ ጠቅሞዎታል። በአውሮፓ በጋና ክረምት በሙቀት ስለሚራራቁ የአፈሩ ሙቀት በየወሩ ይለዋወጣል፤ በእኛ ተራሮች ግን ትልቁ ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል እንጂ በወራት መካከል አይደለም። የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ደግሞ ወደ አፈር ጠልቆ አይገባም። ስለዚህ በጥላ ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ የሚለካ የአፈር ሙቀት፣ በማንኛውም ሰዓት ቢለካ፣ ለዚያ ቦታ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት የቀረበ ነው። ጠባብ ጉድጓድ በብረት ዘንግ ይብሱ፤ ቴርሞሜትሩን በክር አስረው ወደ ታች ያውርዱ፤ አፉን በአፈር ወይም በጨርቅ ደፍነው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያቆዩት፤ አውጥተውም ሳይዘገዩ ያንብቡ። ይህን በዲንሾ፣ በአስታው ደን ውስጥ፣ በተቃጠለው ቁጥቋጦ መካከልና በሳነቴ ላይ ቢደግሙት በአንድ ቀን ውስጥ የራስዎ የሙቀት መስመር ይኖርዎታል።

መልስ፦ የጎባው ልጅ

ቦታው ፓርክ ስለሆነ ከመቆፈርዎ በፊት ዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ለትምህርት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይያዙ። በተቃጠለው ቁጥቋጦ ውስጥ ስትለኩ ደግሞ ተማሪዎቹ የአስታውን ሥር ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ የጠቆረ የአሮጌ ግንድ ቅሪት ካገኙና አፈሩ ከ7 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ዛፍ እንዳይኖር የከለከለው ብርድ እንዳልሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሳነቴ ላይ ጥላ ስለማይገኝ ከትልቅ ድንጋይ ሥር ለኩ፤ ውጤቱን ስትጽፉም ከድንጋይ ሥር መሆኑን መዝግቡ።